ሩቅ ላለ ጌታ በታማኝነት ስለ መሥራት

ጌታው አጠገቡ ቆሞ ሲያየው የሚሠራ ሠራተኛ ብዙ ነው። ሰነፍ እረኛ ባለ ከብቱ ሲመጣ ከተኛበት ይነሣል፤ ሰነፍ ተማሪም መምህሩ ሲገባ መጽሐፉን ይገልጣል። ይህ ግን ዓይንን መፍራት እንጂ ታማኝነት አይባልም። ታማኝነት የሚታወቀው ጌታው ሩቅ ሲሆን፥ መንገዱ ሲቋረጥ፥ አገሩ ሲታወክ፥ የተሠራውንና ያልተሠራውን የሚመረምር ሰው ሲጠፋ ነው። ይህን ለማስረዳት በኢትዮጵያ 41 ዓመት ያህል ቆይቶ በዓድዋ የሞተው የአንድ ጀርመናዊ ሰው ታሪክ ይበቃል። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገኘው የዓመት ቍጥር ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የሰውየው ስም ቪልሄልም ሺምፐር ይባላል። በ1804 ዓመት በጀርመን አገር ተወለደ። ሥራው ወርቅ መፈለግ አልነበረም፤ ጠመንጃ መሸጥም አልነበረም። ሥራው ሣርን፥ ቅጠልን፥ አበባንና ፍሬን እየለቀመ ማድረቅ፥ የበቀለበትንም ስፍራ መጻፍ ነበረ። ይህን ሥራ የማያውቅ ሰው ቢሰማ ይሥቅ ይሆናል። «ሣር ለመልቀም ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሰው አለን?» ይላል። ነገር ግን ምድሪቱ የምታበቅለውን ማወቅ ታላቅ ዕውቀት ነው፤ እህልም መድኃኒትም መርዝም የሚገኘው ከዚያው ከሣሩና ከቅጠሉ ነውና።

ሺምፐርን የላከው ንጉሥ አይደለም። ኤስሊንገን በምትባል በአንዲት የጀርመን ከተማ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ሽቶይደል የሚባል ሐኪም፥ ሁለተኛውም ሆኽሽቴተር የሚባል ቄስና መምህር ነበረ። እነዚህ ሁለቱ በ1820ዎቹ አንድ ማኅበር አቆሙ። የማኅበሩም ሥርዓት ኢትዮጵያውያን ከሚያውቁት ከዕቁብ ጋር ጥቂት ይመሳሰላል። ዕፅዋትን ለማወቅ የሚወዱ ሰዎች በየአገሩ ሆነው ገንዘብ ያዋጣሉ፤ በተዋጣውም ገንዘብ አንድ ለቃሚ ወደ ሩቅ አገር ይላካል፤ ለቃሚውም የሚሰደው የደረቀ ቅጠል ላዋጡት ሁሉ እንደ ድርሻቸው ይከፈላል። እንግዲህ የሺምፐር ጌታ ይህ ማኅበር ነበረ።

ሺምፐር በ1834 ወደ ግብፅ ተሻገረ። አብሮት የሄደው ሐኪም በዚያው በግብፅ ሞተ። እርሱ ግን ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ ወደ ሲና ተራራና ወደ ዐረብ አገር ሄዶ ለቀመ። ከዚያም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በ1837 በምጥዋ በኩል ወደ ዓድዋ ደረሰ።

የሥራው ነገር እንደዚህ ነበረ። ለቃሚው አበባና ፍሬ ያለውን ተክል ከነሥሩ ይነቅላል፤ ዛፍም ቢሆን ቅርንጫፉን ይቈርጣል። ከዚያ በኋላ በወረቀትና በወረቀት መካከል ዘርግቶ በክብደት ይጫነዋል። ወረቀቱ እርጥበቱን ሲጠጣ በደረቅ ወረቀት ይለውጠዋል፤ ካልለወጠው ቅጠሉ ይሻግታል። ከአንድ ዓይነት ተክል አንድ ብቻ አይበቃም፤ ያዋጡት ሰዎች ብዙዎች ስለ ሆኑ ብዙ ቅርንጫፍ ያስፈልጋል። ሲደርቅም ቍጥር ይሰጠዋል፤ የለቀመበት ቀንና ስፍራ ይጻፍበታል። በዓድዋ አጠገብ ካለው ከሰሎዳ ተራራ፥ በሰሜንም አገር ከእንጨትካብና ከብዋሂት የለቀማቸው ቅጠሎች ስማቸውን የያዘች ወረቀት ተለጥፎባቸው እስከ ዛሬ ይታያሉ።

ከዚህ በኋላ ጭነቱ በበቅሎ ተጭኖ ቍልቍለቱን ወደ ምጥዋ ይወርዳል። ያን ጊዜ የስዌዝ ቦይ አልተቈፈረም ነበር፤ ቦዩ የተከፈተው በ1869 ነው። ስለዚህ ጭነቱ በቀይ ባሕር በጀልባ ሄዶ፥ በግብፅ ምድር በእንስሳ ተጭኖ፥ ደግሞ በሌላ መርከብ ወደ ኤውሮፓ መሻገር ነበረበት። ደብዳቤ ተጽፎ መልስ እስኪመጣ ድረስ ብዙ ወራት ያልፋል። ዝናም ያበሰብሳል፤ ምስጥ ይበላል፤ ሽፍታ ይዘርፋል፤ ጀልባም ይሰጥማል።

እንግዲህ አስተውሉ። ሺምፐር ሊዋሽ ቢወድ ማን ይይዘው ነበር? በቈላ የነቀለውን በደጋ ነቀልሁ ብሎ ቢጽፍ፥ ከተራራው ራስ ሳይወጣ ወጣሁ ቢል፥ በኤስሊንገን ያሉት ጌቶቹ እንትጮን ከሰሜን፥ ሰሜንንም ከዓድዋ ለይተው አያውቁም ነበር። መሰላሉ ሳይወጣ ዋጋው ይከፈለው ነበር። ነገር ግን የእርሱ ቅጠሎች ከተለቀሙ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ሌሎች ሊቃውንት መጥተው አገሩን ዞሩ፤ የጻፈውንም ምልክት እየተከተሉ ሠሩ። ሩቅ ላለ ጌታ የሚጻፍ ቃል ሁሉ እንዲህ ነው፤ ዛሬ የሚመረምረው ባይኖር ነገ የሚመረምረው ይመጣል።

ሺምፐር የመጣበት ዘመን ለኢትዮጵያ የሰላም ዘመን አልነበረም። በጎንደር በስም የሚነግሥ ንጉሥ ነበረ፤ ሥልጣኑ ግን በመሳፍንቱ እጅ ነበረ። ይህም ዘመን ዘመነ መሳፍንት ይባላል። ሰሜንንና ትግሬን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ነበሩ። ደጃዝማች ውቤ በ1842 ከራስ ዓሊ ጋር በደብረ ታቦር ተዋጉ፤ ድል አደረጉ ሲባል ራሳቸው ተማረኩ፤ ኋላም ተፈትተው ወደ ግዛታቸው ተመለሱ። ጌታው ሲማረክ ባላገሩ ይሸበራል፤ መንገድም ይዘጋል። እንደዚህ ባለ ዘመን አንድ እንግዳ ሰው ወረቀትና ቅጠል ተሸክሞ ከተራራ ወደ ተራራ መዞሩ ቀላል ነገር አልነበረም። ያለ መኰንኑ ፈቃድም ከቶ አይቻልም ነበር።

ስለዚህ ለሺምፐር ሁለት ጌታ ሆነለት። አንዱ ሩቅ ነው፤ ገንዘብና ወረቀት ይሰድድለታል፥ ቅጠልም ይጠብቃል። ሁለተኛው ቅርብ ነው፤ መንገድ ይከፍትለታል፥ ከሽፍታም ይጠብቀዋል። ቅጠሉን የሚፈልገው ሩቁ ነው፤ ሕይወቱን የሚጠብቀው ግን ቅርቡ ነው።

በ1840ዎቹ የኤስሊንገን ማኅበር ሥራውን አቆመ። ያን ጊዜ ሺምፐር በባዕድ አገር ያለ ደመወዝ ቀረ። ወደ አገሩ ይመለሳል ተብሎ ቢጠበቅ በተገባ ነበር፤ እርሱ ግን አልተመለሰም። ኢትዮጵያዊት ሴት አግብቶ ልጆች ወለደ። ደጃዝማች ውቤም ከዓድዋ በስተ ምሥራቅ ያለውን የእንትጮን አገር እንዲያስተዳድር ሾሙት። ቅጠል ለቃሚው ሹም ሆነ። ባለ ርስት መሰለ፤ ኑሮውም የተረጋገጠ መሰለው። ከዚህም ጋር ዕፅዋት መልቀሙን አልተወም፤ በፓሪስ ላለው ለታላቁ የዕፅዋት ቤት ይልክ ነበር።

ነገር ግን የሹመት ኑሮ የጌታን ዕድል ይከተላል። ደጃዝማች ውቤ በሰሜን አገር በደረስጌ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር፤ በሕንፃውም ሥራ ሺምፐር እንደ ረዳ ይነገራል። ጳጳሱን አቡነ ሰላማንም በ1841 ከግብፅ ያስመጡ እርሳቸው ነበሩ። ጳጳስ መጥቷል፤ ቤተ ክርስቲያንም ተሠርታለች፤ የቀረው መንገሥ ብቻ ነበረ። በ1855 የካቲት ወር ግን ደጃዝማች ካሣ መጥተው በዚያው በደረስጌ ተዋጉ፤ ደጃዝማች ውቤም ድል ሆነው ታሰሩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ካሣ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በእነዚያው በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። አንዱ ያዘጋጀውን ሌላው ነገሠበት።

ደጃዝማች ውቤ ሲወድቁ የሺምፐርም ሹመት ወደቀ፤ የእንትጮም ግዛት ከእጁ ወጣ። ያለ ጥርጥር ብዙ ነገር ጠፋበት። ከዚያ በፊት ወደ ኤውሮፓ የሰደዳቸው ቅጠሎች ግን አንድም አልጐደሉበትም። ሹመቱን የሰጠው ሰው ነበረ፤ ሰውም ወሰደው። ቅጠሉን ግን የለቀመው በእግሩ ነው፤ ያደረቀውም በእጁ ነው፤ የጻፈውም በእውነት ነው። ይህን ሊወስድበት የሚችል ጦር አልነበረም።

በዚህ ስፍራ ስለ ሺምፐር እውነቱን መናገር ይገባል። ሰው ሁሉ የሚመሰገንበትም የሚነቀፍበትም አለው። በባዕድ አገር ሆኖ የመሳፍንትን ሹመት መቀበሉ ጥበብ አልነበረም ቢባል ስሕተት አይሆንም። ሹመት የሚቀበል ሰው የሾመውን ሰው ጠላት ሁሉ ለራሱ ጠላት አድርጎ ይገዛል። «ማኅበሩ ፈረሰ፥ ደመወዙ ቀረ፥ ሚስትና ልጆች ነበሩት፤ ታዲያ ምን ይብላ?» የሚል ሰው ይኖራል። ይህም እውነት ነው። ችግር ግን ምክንያት ይሆናል እንጂ ዋጋውን አያስቀርም። ሺምፐር ዋጋውን ከፈለ። የሚመሰገነውስ በምንድር ነው ቢሉ፥ ሹመቱ ሲሄድ ሥራው አብሮ አለመሄዱ ነው። ብዙ ሰው ሹመት ሲያገኝ የቀድሞ ሥራውን ይንቃል፤ ሹመቱ ሲሻርም ወደ ሥራው መመለስ ያፍራል። ሺምፐር ግን ሹም ሳለም፥ ተሽሮም ቅጠል ለቀመ።

የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ለርሱ የቀለለ አልነበረም። ንጉሡ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተጣሉ ጊዜ በአገሩ የነበሩ ኤውሮፓውያን እንዳይወጡ ተከለከሉ፤ አንዳንዶቹም በሰንሰለት ታሰሩ። ሺምፐርም ከንጉሡ ጋር ከነበሩት ኤውሮፓውያን ጋር ተቈጠረ። በ1868 ሚያዝያ ወር የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጕጣቸው ሞቱ። ያን ጊዜ ከተለቀቁት ኤውሮፓውያን አንዱ ሺምፐር ነበረ። ዕድሜውም ከ60 ዓመት አልፎ ነበር።

በር ተከፈተለት፤ ጦሩ ወደ ባሕር ሲመለስ አብሮ ወጥቶ በትውልድ አገሩ ሊያርፍ በቻለ ነበር። እርሱ ግን ወደ ዓድዋ ተመለሰ። በዚያም ደግሞ ሰላም አልቈየለትም። በ1871 ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስና ኋላ ዐፄ ዮሐንስ የተባሉት ደጃዝማች ካሣ በዓድዋ አጠገብ ተዋጉ። በ1875 በጕንደት፥ በ1876 በጕራ የኢትዮጵያ ጦር ከግብፅ ጦር ጋር ተዋጋ። ሺምፐር በ1878 በዓድዋ ሞተ። ከመጣ ጀምሮ ሲቈጠር የደጃዝማች ውቤን፥ የዐፄ ቴዎድሮስን፥ የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስንና የዐፄ ዮሐንስን ዘመን አየ። አራት ጌታ ተለዋወጠ፤ የሺምፐር ሥራ ግን ያው አንዱ ነበረ።

በ1860ዎቹ ስለ ትግሬ ዕፅዋት የጻፈው የእጅ ጽሑፍ ዛሬ በለንደን በታላቁ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ብዙ ዘመን ሳይታተም ተቀምጦ ነበር። በ2015 ታትሞ ወጣ። በጻፈበትና በታተመበት መካከል ወደ 150 ዓመት የሚጠጋ ዘመን አለ። ሺምፐር ሲጽፍ የሚያነብበው ሰው ገና አልተወለደም ነበር።

በዚህ ታሪክ ላይ ሁለት ክርክር ይነሣል፤ ሁለቱንም መመለስ ይገባል።

ፊተኛው ክርክር፥ «አገር ሲታወክ ትምህርትና ምርምር ምን ይረባል? ሰላም እስኪሆን መጠበቅ ይሻላል» የሚል ነው። ይህ ቃል ብልሃት ይመስላል፤ ነገር ግን የስንፍና ቃል ነው። ሺምፐር ሰላም እስኪሆን ቢጠብቅ ኖሮ አንድ ቅጠል ሳይለቅም በሞተ ነበር። ገበሬም ጦር አለ ብሎ ዘሩን በጎታ ቢያስቀምጥ፥ ጦሩ ሲያልፍ ረኃቡ ይቀበለዋል። ደግሞም መታወክ ለኢትዮጵያ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ የሺምፐር ቅጠሎች ሰላም አገኙ ተብሎ በተቀመጡበት በጀርመን አገር ምን እንደ ደረሰባቸው ይታወቃል። ከቅጠሎቹ ብዙዎቹ በበርሊን ከተማ በታላቁ የዕፅዋት ቤት ይጠበቁ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፥ በ1943 መጋቢት ወር በአንድ ሌሊት፥ ያ ቤት በአውሮፕላን ቦምብ ተቃጠለ። ከዘመነ መሳፍንት ጦርነት የዳነው ቅጠል በበርሊን ዐመድ ሆነ።

ነገር ግን ሥራው ሁሉ አልጠፋም። ከአንድ ተክል ብዙ ቅርንጫፍ ይቈርጥ፥ ላዋጡትም ሁሉ ይከፈል እንደ ነበረ ከላይ ተጽፏል። ስለዚህ በበርሊን የተቃጠለው ጓደኛው በፓሪስና በለንደን በሌላም ከተማ ይገኛል። ያን ጊዜ ለአባሎቹ ድርሻ ሲባል የተደረገው ድካም፥ ከመቶ ዓመት በኋላ ዕውቀቱን ከእሳት አዳነው። ዕውቀት ለአንድ ሰው ብቻ ተሰጥቶ ሲደበቅ ከዚያ ሰው ጋር ይሞታል፤ ለብዙ ሰው ሲከፈል ግን አንዱ ቢጠፋ ሁለተኛው ይኖራል። ብቻውን ሊያውቅ የሚወድና ጓደኛውን የሚደብቅ ተማሪ ይህን ያስብ።

ሁለተኛው ክርክር ከፊተኛው ይልቅ ይከብዳል። በኢትዮጵያ ባላገር አጥር ላይ የሚበቅለውን ሰንሰልን የማያውቅ ልጅ የለም። ሊቃውንት ለሰንሰል በላቲን ቋንቋ የሰጡት ስም ጁስቲሲያ ሺምፔሪያና ይባላል። በደጋ ላይ የሚለቀመው፥ ለሻይና ለቅመም የሚሆነው ጦስኝም ቲሙስ ሺምፔሪ ይባላል። ሰሳ የሚባለውም ዛፍ አልቢዚያ ሺምፔሪያና ይባላል። ሁሉም በሺምፐር ስም ተጠርተዋል። እንግዲህ አንድ ሰው፥ «ሰንሰል ሺምፐር ሳይወለድ ሰንሰል ነበረ፤ ጦስኝም ጦስኝ ነበረ፤ የባላገሩን ዕውቀት እንግዳ መጥቶ ስለምን በስሙ ያስጠራዋል?» ቢል ምን ይመለስለታል?

ነገሩ እውነትነት አለው፤ እውነትንም መካድ አይገባም። ሺምፐር ወደ ብዋሂት ብቻውን አልወጣም። መንገድ የመራው ሰው ነበረ፤ በቅሎውን የነዳ ሰው ነበረ፤ «ይህ መርዝ ነው፥ ይህ ለሆድ ሕመም ይሆናል» ብሎ ያሳየው ሽማግሌ፥ ያሳየችውም ባልቴት ነበሩ። በቅጠሉ ላይ በተለጠፈችው ወረቀት የነዚህ ሰዎች ስም የለም። ይህም ጕድለት ነው። ለረዳ ሰው ዋጋውን መስጠት፥ ስሙንም መጥራት የሥራው ክፍል ነው፤ የዘመኑ ሊቃውንት ሁሉ ግን ይህን ልማድ አላደረጉትም ነበር።

ነገር ግን ከቅሬታው ጋር ሌላ ነገር መታሰብ አለበት። ሰንሰልን የሚያውቁ ሰዎች በኢትዮጵያ እልፍ አእላፍ ነበሩ። መድኃኒቱን ያውቁ ነበር፤ ሥሩን ያውቁ ነበር፤ የሚበቅልበትንም ወራት ያውቁ ነበር። ከነዚህ መካከል ጽፎ ያስቀመጠ ግን ጥቂት ነው። መድኃኒት ዐዋቂ ቢጽፍም እንኳ ጽሑፉን በምሥጢር ይደብቀው ነበር፤ ሲሞትም ልጁ ሳይማረው ይቀር ነበር። አበው፥ «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ተረቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሠራበት ግን ከብዙው ጥቂቱ ነው። ሺምፐር ከባላገሩ ይልቅ ስለ ሰንሰል ዐዋቂ አልነበረም። ከባላገሩ የተለየው የነገሩትንና ያየውን በወረቀት ላይ በመጻፉ፥ የጻፈውንም ለሌላ ሰው በመስጠቱ ነው።

ስለዚህ የዚህ ክርክር መልስ የሞተውን ሰው መውቀስ አይደለም፤ የላቲኑንም ስም መፋቅ አይደለም። የላቲኑ ስም በዓለም ያሉ ሊቃውንት ሁሉ ስለ አንድ ተክል ሲናገሩ እንዳይሳሳቱ የተሰጠ ምልክት ነው፤ ሰንሰል የሚለው ስም ግን ከባላገሩ አፍ ሊጠፋ አይገባውም። መልሱ የቀረውን መጻፍ ነው። ይህም ተጀምሯል። በ1959 በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ የዕፅዋት ቤት ተቋቋመ፤ በዚያም ቅጠሉ እንደ ሺምፐር ዘመን በወረቀት ላይ ተዘርግቶ ይጠበቃል። ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ከሌሎች አገሮች ሊቃውንት ጋር ሆነው የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት ሁሉ የሚዘረዝር መጽሐፍ ጽፈው በ2009 ፈጸሙ፤ መጽሐፉም 8 ክፍል አለው። ያ ሥራ በተሠራባቸው ዓመታት ኢትዮጵያ ረኃብንም ጦርነትንም የመንግሥት ለውጥንም አይታለች። እነርሱም ሰላም እስኪሆን አልጠበቁም። የሺምፐርንም ቅጠሎች መርምረው ተጠቀሙባቸው፤ የአገሬውንም ስም በአጠገቡ ጻፉ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ይገኛል። ሹመት የሰውን ዕድል ይከተላል፤ በእውነት የተሠራ ሥራ ግን ሠሪው ካለፈ በኋላ ይቆማል። ደግሞ ጌታ ቢርቅ፥ ደመወዝ ቢቋረጥ፥ አገር ቢታወክ፥ የሐሰት ቃል መጻፍ አይገባም፤ የሚመረምር ሰው ይመጣልና። ሦስተኛውም ዕውቀት ተጽፎ ለሌላ ካልተሰጠ እንደሌለ ይቈጠራል።

ልጆች ሆይ፥ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ አጥሩን ተመልከቱ። በዚያ የበቀሉት ስንት ዓይነት እንደ ሆኑ ቍጠሩ። ስማቸውን አያታችሁን ጠይቁ፤ ምን እንደሚጠቅሙም ጠይቁ። ከዚያ በኋላ በደብተራችሁ ላይ የተክሉን ስም፥ የበቀለበትን ስፍራ፥ ያያችሁበትንም ቀን ጻፉ። በመጨረሻም የነገረቻችሁን የአያታችሁን ስም መጻፍ አትርሱ። ያላያችሁትን አየን ብላችሁ አትጻፉ፤ መምህሩ አጥራችሁን መጥቶ አያየውም፥ እናንተ ግን ታውቁታላችሁ።